የጥድ አፋፍ ዳኛ

የባድመ ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ጥድ አፋፍ ላይ ጉልበት ያለው ወንድ ማግኘት ቸገረ። ጥድ አፋፍ ከቦሩ ሜዳ በላይ ያለ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር መንደር ነው። ጎልማሳው ሁሉ ወይ ዘምቷል፣ ወይ ከዘመቻው ሸሽቶ ቆላ ወርዷል፣ ወይ ኮምቦልቻ ገብቶ የፋብሪካ ሥራ ይፈልጋል። አገሩ የሽማግሌ፣ የቄስና የሴት ሆኖ ቀረ። አራሽ ያጣ ማሳም ጦሙን አደረ።

አትጠገብ ባሏ ደሳለው ከጎረቤቱ ከኪዳኑ ጋር ባንድ ቀን ከዘመተ ወዲህ ከአማቷ ከእማ ገበያነሽ ጋር ትኖራለች። ከተጋቡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ልጅ አላገኙም፤ የመንደሩም ሰው ስሟን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነበር። ደሳለው አንድ ጊዜ በወታደር አፍ «ደህና ነኝ» ብሎ ልኮ ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እማ ገበያነሽ በየጧቱ ደጅ ወጥተው ቁልቁል የመኪናውን መንገድ ያዩና ይመለሳሉ። አትጠገብም አትጠይቃቸውም። ሁለቱም የሚያስቡትን ያውቁታል።

የኪዳኑ ሚስት የምስራች ባሏ ሲሄድ ገና ሆዷ አልታወቀም ነበር። በሐምሌ ምጥ ያዛት። አዋላጇ አሮጊት ሌሊቱን ሙሉ ሲያሿት አድረው፣ ሲነጋ እጃቸውን ታጥበው ወጡና፣ «ልጁ ተጋድሟል። ይህ ከኔ በላይ ነው፤ ደሴ አድርሷት» አሉ።

ማድረስ የሚባለው ግን የዋዛ አልነበረም። በዚያ አገር ሰው ሲታመምም ሲሞትም የሚያነሳው ቅሬው ነው። ሌላው አገር እድር የሚለው መሆኑ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ይገባበታል። የቅሬው ዳኛ ጡሩምባ ያስነፋል፣ ወንዶቹ ይሰበሰባሉ፣ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው እየተቀባበሉ ቦሩ ሜዳ መኪና መንገድ ድረስ ያወርዳሉ። ዳኛው አያ ብሩ ነበሩ። አትጠገብ እየሮጠች ደጃቸው ስትደርስ ነገሩን ሰምተው ጡሩምባውን አስነፍተዋል። የመጣው ግን ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ብቻ ነው። ቄስ ጸጋውም ጃንጥላቸውን ይዘው ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል።

«እንግዲህ አየሽ፣ ልጄ» አሉ አያ ብሩ። «ማን ያንሳት? እኔ ራሴ የሚያነሳኝ የምፈልግ ሰው ነኝ።»

«እኛ እናነሳታለን።»

«እናንተ እነማን?»

«ሴቶቹ።»

«ቃሬዛ የወንድ ትከሻ ነው» አሉ አያ ብሩ። «ሴት ቃሬዛ ስትሸከም በዚህ አገር አልታየም። ነገ በየገበያው ‹ጥድ አፋፍ ወንድ አለቀበት› ብለው ያወሩብናል።»

«አልቆበት የለም እንዴ፣ አያ ብሩ?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አንዱ እርም ነው አለ። ሌላው ሰው ወደ ታች መንደር ይላክ አለ። ሦስተኛው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠበቅ አለ። ቄስ ጸጋው ቢጠየቁ፣ «እኔ እርም ነው የሚል መጽሐፍ አላየሁም፤ ልማዱን ግን እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። እንዲህ ሲባባሉ ጊዜው ሄደ። የየምስራች ጩኸት ከቤቷ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር፤ እየቆየ እየቀጠነ መጣ።

ያን ጊዜ ከድጃ ደረሰች። ባሏ በሽር ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ፣ እሷ ደግሞ ደሴ ድረስ ባህር ዛፍ እየተሸከመች የምትሸጥ፣ ጀርባዋ የጠነከረ ሴት ናት። የማገዶ ማሰሪያ ጠፍሯን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሽማግሌዎቹ መሀል ቆመች።

«ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ደሴ ድረስ እንጨት ስሸከም ነውር ነው ያለኝ አንድ ሰው የለም» አለች። «ሰው ስሸከም ነው ነውሩ?» ከዚያ ወደ አትጠገብ ዞራ፣ «ቃሬዛው የት ነው?» አለቻት።

አያ ብሩ በጣታቸው ወደ ጎተራው ጠቆሙ። እሺም እምቢም አላሉም።

ቃሬዛውን ጩኸቱን ሰምተው የተሰበሰቡት የመንደሩ ሴቶች አወረዱት። የምስራችን በጋቢ ጠቅልለው፣ በላዩ የማዳበሪያ ላስቲክ ደርበው አስተኟት። ትከሻቸው ላይ ጨርቅ ጠቅልለው አነሱ። መጀመሪያ ላይ አልሄድ አላቸው። አንዷ ረጅም አንዷ አጭር፣ አንዷ ፈጣን አንዷ ዘገምተኛ ሆነው ቃሬዛው እንደ ጀልባ ይዋዥቅ ጀመር፤ የምስራችም በእያንዳንዱ እርምጃ ታቃስታለች። ከድጃ በቀስታ መንዙማ ማንጎራጎር የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ክርስቲያኖቹም ቃሉን ባያውቁት ዜማውን ተከተሉ። እግራቸው በዜማው ገጠመ፣ ቃሬዛውም ረጋ።

ወንዙ ሞልቶ ነበር። ውሃው ጭናቸውን አልፎ ቀሚሳቸውን ሲጎትት አንዷ ድንጋይ አዳለጣትና ለቀቀች። ክብደቱ ሁሉ አትጠገብ አንገት ላይ ወደቀ። አይኗ ጭልም አለባት። የምስራች ከላይ ሆና የአትጠገብን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች፤ አይኗ ፈጦ ነበር። አትጠገብ እግሯን አሸዋው ውስጥ ተከለች። እንዴት እንደተሻገሩ ኋላ ስትጠየቅ አታስታውስም።

ቦሩ ሜዳ ሲደርሱ የመጀመሪያው ሚኒባስ ጋቢዋን ያራሰውን ደም አይቶ አልፏቸው ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። መንገድ መሀል ገብተው ቃሬዛውን አስቀመጡት። ከወልድያ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ቢጨንቀው ቆመ። ሾፌሩ ጣሀ የሚባል የሐርቡ ሰው ነበር። ወርዶ አያትና የኋላውን ሸራ ገለጠ።

ደሴ ሆስፒታል ውስጥ የምስራችን አስገቧት። አትጠገብና ከድጃ ኮሪደሩ ግድግዳ ሥር ጭቃቸው እስኪደርቅ ተቀመጡ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐኪሙ ወጣና እናቲቱ እንደተረፈች፣ ልጁ ግን ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ እንደሞተ ነገራቸው። ወንድ ልጅ ነበር።

«ጥቂት?» አለች አትጠገብ። «ጥቂት ማለት ምን ያህል ነው?»

ሐኪሙ ጥያቄው አልገባውም። እሷ ግን የምታስበው አያ ብሩ ደጅ ላይ በክርክር ያለፈውን ጊዜ ነበር። ከድጃ እጇን ያዘችና፣ «አብሽሪ። ይህን አታስቢው፤ ያሳብድሻል» አለቻት።

አገር ቤት ሲመለሱ የጠበቃቸው ምስጋና አልነበረም። ልጁ የሞተው ሴት ስለተሸከመችው ነው የሚል ወሬ ቀድሟቸው ደርሷል። ከሁሉ የከፋው ግን በራሷ ቤት የሰማችው ነው። እማ ገበያነሽ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ባቄላ እየፈለፈሉ፣ «ልጄ ጦር ሜዳ ነው» አሉ። «ባሏ በጥይት መሀል ያለ ሴት ቃሬዛ አትሸከምም። ሞትን መጥራት ነው። አንቺ ጠርተሽብኛል።»

ይህንኑ አትጠገብም ወንዙ ውስጥ ሳለች አስባው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር የደሳለው መርዶ የመጣ ይመስላታል።

ብትፈራም አልተወችውም፤ ሕመሙም ጦርነቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም። በመስከረም አንዲት እናት ደም ፈሰሳት፣ ደርሰው አተረፏት። በጥቅምት አንድ ሽማግሌ ተሸክመው ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞቱባቸው፤ ሬሳውን ሽቅብ ሲመልሱት ሰዉ በየደጁ ቆሞ አያቸው። ያን ቀን አትጠገብ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጨርቅ ወርውራ «ከዚህ ወዲያ አልችልም» ብላ ነበር። በማግስቱ ጧት ግን የታችኛው መንደር ሰው የታመመ ልጅ አቅፎ ደጇ ቆሞ አገኘችው። አያ ብሩ ቤት አልሄደም፤ ቀጥታ እሷ ዘንድ መጣ።

እየዋለ ሲያድር ነገሩ ሥርዓት ያዘ። የላይኛውና የታችኛው መንደር ሴቶች ተራ ገቡ። የቃሬዛው ጠፍር በአዲስ ተተካ። አትጠገብ ቦሩ ሜዳ ወርዳ ከሚኒባስ ሾፌሮቹ ጋር ተነጋገረች፤ ያለፉትን ሁለቱንም ፈልጋ አገኘቻቸው፣ አልተቆጣችም፣ የየምስራችን ነገር ብቻ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ቃሬዛ ይዘው ሲወርዱ ያየ ሾፌር አያልፍም።

በሚቀጥለው ዓመት የአያ ብሩ አይን ደከመ። ቅሬው ገበያው ዳር ሲሰበሰብ በሰው ተመርተው መጡና ተቀመጡ። «ጡሩምባው እኔ ቤት ነው» አሉ። «ሥራው ግን አትጠገብ ቤት ከሆነ ቆይቷል። ሁለቱን አንድ ቤት አድርጉት።» ማጉረምረም ነበር። ሆኖም ሽማግሌዎቹ ዙሪያቸውን ቢያዩ የተቀመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ በዚያ ቃሬዛ የወረዱ ወይም ልጃቸውን ያወረዱ ነበሩ። ቄስ ጸጋው፣ «እንግዲህ ይጽና» ብለው ባረኩ፤ ከእስላሞቹም ሽማግሌ ሼህ ጀማሉዲን ዱዓ አደረጉ።

አትጠገብ ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ አንዲት ልጅ አጥር ላይ ሆና «እንደምን ዋልሽ፣ ዳኛዬ» አለቻት። አትጠገብ ትንሽ ራቅ ካለች በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ለብቻዋ አለቀሰች። ያስለቀሳት ደስታ ይሁን ፍርሃት ለራሷም አልታወቃትም። መካኗ ትባል የነበረች ሴት አገር ሙሉ ሰው ተሰጣት፤ ያን አገር ደግሞ መሸከም አለ።

ጦርነቱ አበቃ። ወንዶቹ አንድ ባንድ ይመለሱ ጀመር። አንድ ቀን ደሳለውም መጣ፤ እማ ገበያነሽ እልልታቸውን ሳይጨርሱ እግሩ ላይ ወደቁ። አጥንቱ ብቻ የቀረ፣ ሲጠሩት ዘግይቶ የሚዞር ሰው ሆኗል። የምስራች ነጠላዋን ሳታስተካክል እየሮጠች መጣችና፣ «ኪዳኑስ?» አለችው።

«ሌላ ክፍለ ጦር ተዛውሯል» አለ ደሳለው፣ አይኗን ሳያይ።

ከተመላሾቹ አንዱ ምንይሉ ነበር፤ አንደበቱ የሚሰማለት፣ ደፋር ሰው። ከተመለሰ በኋላ በሁለተኛው የቅሬ ስብሰባ ተነሥቶ፣ «እህቶቻችን በክፉ ቀን የወንድ ሥራ ሠርተዋል። እናመሰግናለን» አለ። «አሁን ወንዱ ተመልሷል። ቃሬዛውም ዳኝነቱም ወደ ቦታው ይመለስ።» ብዙ ወንዶች አጨበጨቡ። ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ። ጠላ ቤት ደሳለውን «የዳኛዋ ባል» እያሉ እንደሚቀልዱበት አትጠገብ ሰማች።

«ዳኝነቱን ስጫቸው» አላት ደሳለው ማታ ራት ላይ። በሳምንቱ ኮምቦልቻ ሥራ ፈልጌ እመጣለሁ ብሎ ወረደና ሳይመለስ ቀረ።

እማ ገበያነሽ አላረፉም። «ጥይት ያልወሰደብኝን ልጅ አንቺ አስወጣሽብኝ» አሉ። አትጠገብም አምናቸው ነበር። የከድጃ ባል በሽር ደሳለውን አንድ ዱቄት ፋብሪካ ደጅ ከረጢት ሲጭን እንዳየው ሲነግራት፣ ዳኝነቱን ልትመልስ ወስና፣ ከደሴ ሚኒባስ ይዛ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወረደች።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ተቀበላት። ደሳለው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ነበር፤ ሲያያት አልደነገጠም፣ የጠበቃት ይመስላል። ከአጥሩ ሥር ጥላ ፈልገው ተቀመጡ።

«ዳኝነቱን እመልሳለሁ» አለችው። «ና ቤትህ ግባ። እናትህን ገደልካቸው።»

«በዳኝነቱ አይደለም የወጣሁት።»

«ታዲያ በምንድን ነው?»

ደሳለው እጁ ላይ የደረቀውን ዱቄት ይፍቅ ጀመር። «የምስራች ደጅ ሳላልፍ የትም መሄጃ የለኝም» አለ። «ባለፍኩ ቁጥር ትወጣለች። ‹ዛሬስ የሰማኸው አለ?› ትለኛለች። ባለፈው ‹ከቆሎው ዝገን› ብላ አስቀመጠችኝ። እሷም እየቆረጠመች ስለ ኪዳኑ ታወራኛለች።»

አትጠገብ ገባት። ገብቷትም ጠየቀችው። «ሲሞት አይተኸዋል?»

«አጠገቤ ነው የወደቀው። የየካቲቱ ውጊያ ላይ። እስትንፋሱ ነበረች፤ በደረቴ እየተሳብኩ ወደ ኋላ ልወስደው ሞከርኩ። የሚያግዘኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ፊት እየሄደ ነው። እጄ ላይ አለቀ።» ከጉልበቱ ላይ ዱቄቱን አራገፈ። «መንግሥት ራሱ እስኪያረዳ ማንም አፉን እንዳይከፍት ተብለናል። የተናገረ ወዮለት ተብለናል። እኔ ግን የፈራሁት እሱን ብቻ አይደለም። ለሷ የምነግርበት አፍ የለኝም።»

አትጠገብ የየካቲትን ወር በልቧ ከሐምሌ ጋር አስተያየችው። የምስራችን በዚያ ዝናብ ሲያወርዷት፣ እሷም በሰመመኗ ኪዳኑን እየጠራች ስትቃትት፣ ሰውየው ከሞተ ወራት አልፎት ነበር።

«አንተ እዚሁ ሁን» አለችው ተነሥታ። «ስምህን አላነሳም። እኔ አረዳታለሁ።»

«ያስሩሻል።»

«ይሰሩኝ። እሷ በር በር እያየች እስከ መቼ ትኑር?»

ጥድ አፋፍ ስትመለስ ቄስ ጸጋውንና አያ ብሩን አማከረች፤ ሁለቱም ፈሩ፣ ሁለቱም እውነትሽን ነው አሉ። በመርዶው ዋዜማ ደሳለው ሳይጠራ መጣ። እራቱን በላ፣ ከእናቱ እግር ሥር ተኛ።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌዎቹ፣ ምንይሉና ከግንባር የተመለሱት ሌሎቹም ጋቢያቸውን ተከናንበው ከየምስራች አጥር ውጭ ተሰበሰቡ። በወጉ የሚገባውና የሚናገረው ወንድ ሽማግሌ ነው። ግን ማንም እግሩን አላነሳም። ምንይሉ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ አይኑን ወደ አትጠገብ አዞረ። ሌሎቹም ወደ እሷ ዞሩ።

ከድጃን አስከትላ ገባች። የምስራች እሳት ልታነድ ጎንበስ ብላ ነበር። ሁለቱን ሴቶች፣ ከበስተኋላቸውም በበሩ በኩል የተከናነቡትን ሰዎች ስታይ ጭራሮው ከእጇ ወደቀ።

«እሱ ነው?» አለች።

«እሱ ነው፣ እህቴ።»

የምስራች አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «መቼ?»

አትጠገብ ልትዋሽ ትችል ነበር። «የካቲት» አለች። «ልጁ ሳይወለድ።»

የምስራች ለረጅም ጊዜ ምድጃውን አየች። «እንግዲያ ልጄን ብቻውን አልነበረም የላክሁት» አለች። «አባቱ ተቀብሎታል ማለት ነው።» ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የወጣው፤ ደጅ የነበሩት ወንዶች ያን ድምፅ ሲሰሙ ማልቀስ ጀመሩ። ከሁሉ ደሳለው ባሰ። አጥሩ ላይ ወድቆ አነሱት።

ለቅሶው ላይ የወረዳ ሰዎች መጡ። ማን ነው ያረዳው፣ ከማን ሰምቶ ነው ብለው ጠየቁ። «የቅሬው ዳኛ እኔ ነኝ፤ ያረዳሁትም እኔ ነኝ» አለች አትጠገብ። ከማን እንደሰማች ቢያስጨንቋትም አልተናገረችም። ሲዝቱባት ምንይሉ ከለቀስተኛው መሀል ተነሥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ሌሎችም ቆሙ። ሰዎቹ ስሟን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወረዳው ደጋግሞ አስጠርቷታል፤ አላሰራትም፣ አልተዋትምም።

በሠልስቱ ምንይሉ ጋቢውን እያስተካከለ ቀረበና፣ «ዳኛዬ፣ ዳሱን ዛሬ እናፍርሰው ወይስ ይቆይ?» አላት።

«ይቆይ» አለች። በቀጠሮው ስብሰባም የዳኝነቱን ነገር ያነሳ አልነበረም።

እማ ገበያነሽ ይቅርታ አልጠየቋትም፤ ራት ሲቀርብ ግን «ዳኛ ትቅመስ» ይሉ ጀመር። ደሳለው ኮምቦልቻ አልተመለሰም። በሽተኛ ሲነሳ ከቃሬዛው ጎን ይሄዳል፤ ትከሻውን አስገባ ሲሉት ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ማንም አይቆጣውም።

የአትጠገብ ጭንቀት ግን ሌላ ሆነ። ከጥድ አፋፍ ልጆች ያልተመለሱ ገና ብዙ ነበሩ። መርዶ የምታረዳው እሷ መሆኗን አገሩ ሁሉ አውቋል። በየትኛውም መንገድ ስትመጣ ያየች እናት የያዘችውን ጥላ ትቆማለች፤ ፊቷን ከሩቅ ትመረምራለች። ስለዚህ ለመዋጮም ሆነ ለተራ ጉዳይ ሰው ቤት ስትሄድ፣ ገና ከጥጉ ዞር ስትል ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፦

«ደህና ነው፣ ደህና ነው። ለሥራ ነው የመጣሁት።»

እናቶቹም ያን ሰምተው ትንፋሻቸውን ይመልሳሉ። እሷም የራሷን ትመልስና፣ በሩን አንኳኩታ ትገባለች።